ለጉፒና ለቤታ ዓሣ ጫጩቶች ሕያው ምግብ፦ በድሬ ሙቀት፣ ቢንቢ ሳናራባ

ጥያቄው፦

«ሰላም ጋሼ፣ የምኖረው ገንደ ቆሬ ነው። 80 ሊትር አኳሪየም አለኝ። ያሉት ጉፒዎች ናቸው፣ በቅርቡ ደግሞ አንድ ጥንድ ቤታ ገዝቼ ላራባ አስቤያለሁ። ጉፒዎቹ በደንብ ይወልዳሉ፣ ጫጩቶቹ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ያልቃሉ። የምሰጣቸው የእንቁላል አስኳልና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው፤ የፓኬቱ ምግብ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ ባልዲ ውሃ ክፍቱን ተወው፣ የቢንቢ ትል በራሱ ጊዜ ይሞላልሃል፣ ከቦይ ደግሞ ቀዩን ትል አውጣ አለኝ። ባልዲውን አስቀመጥኩ፣ እናቴ አይታ ተቆጣች። ሙቀቱን ታውቀዋለህ፣ መብራቱም ይጠፋል። ቤት ውስጥ ምን ባራባ ይሻለኛል?»

መልሱ፦

ወንድሜ፣ እናትህ ልክ ናቸው። ባልዲውን ዛሬውኑ ድፋው። ደፍተህ ብቻ ግን አትተወው፤ ውስጡን በብሩሽና በሳሙና ፈትገህ እጠበውና ገልብጠህ አስቀምጠው። መፈተጉ ለምን እንዳስፈለገ ልንገርህ። ኤደስ ኤጂፕቲ የምትባለው ቢንቢ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው ቢደፋም እንቁላሉ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፣ ደርቆም ወራት ይቆያል፣ እንደገና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ከእንቁላል እስከምትበር ቢንቢ ድረስ ከሳምንት ብዙም አይዘልም።

በዚህ ጉዳይ ጠንከር የምልብህ በምክንያት ነው። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የዴንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው)። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። መገጣጠሚያው ታስሮ ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው በየሰፈሩ ነበር፣ አንተም ቤት ሳይገባ አልቀረም። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ይቺው ኤደስ ናት፣ የምትነክሰውም በቀን ነው። በ2022 ደግሞ በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ወቅት፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ተመራማሪዎች ያያያዙት አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር ነው። እሷ የእስያና የዓረብ አገር ትንኝ ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ላይ ሲሆን በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ ከዚያ እኛም ጋ ደረሰች። የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ትፈልጋለች፤ ይቺኛዋ በርሜል፣ ሮቶ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ ይበቃታል። ውሃ በየቤቱ ተቀድቶ በሚጠራቀምበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተው አስበው።

የቢንቢ እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ ለዓሣ ግሩም ምግብ መሆኑን አልክድም። ጉፒ ራሱ በብዙ አገር የቢንቢ እጭ እንዲበላ ተብሎ ገንዳ ውስጥ የሚለቀቅ ዓሣ ነው። ግን አንድ ቀን ፈተና ይዞህ ወይም ሐረር ዘመድ ልትጠይቅ ሄደህ ሳታጠልል ብትቀር፣ ያ የዓሣ ምግብ በርሮ የጎረቤትህን ልጅ ይነክሳል። ስለዚህ ሳታስበው የሆነ ዕቃ ውስጥ እጭ ካገኘህ፣ በዚያው ሰዓት አጥልለህ ለትልልቆቹ ጉፒዎች ስጥና ዕቃውን ፈትገው። አስበህ ግን አታራባ። ድሬ ላይ አይሆንም።

የማይበሩ፣ የማይነክሱ፣ ሙቀታችንንም የሚወዱ ሌሎች አሉልህ። ወደነሱ ከመግባታችን በፊት ግን ጫጩቶቹ ለምን እንዳለቁብህ እንይ፣ ምክንያቱም የምግብ እጥረት ብቻ አይመስለኝም።

የጉፒ ጫጩት ሲወለድ ጀምሮ ጠንካራ ነው። አፉም ሰፊ ነው፣ ተፈጭቶ የላመ ደረቅ ምግብ ከመጀመሪያው ቀን መብላት ይችላል። የእንቁላል አስኳልና እንጀራ ላይ ያለው ችግር ያልተበላው ነው። ታች ይወርዳል፣ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ውሃው 29 ወይም 30 ዲግሪ ሲሆን መበስበሱ ይፈጥናል፣ ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ ያንሳል። ጫጩቱ በሁለቱም በኩል ይታፈናል። እንጀራውን ከዛሬ ጀምሮ ተው። አስኳል የግድ ካስፈለገ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብቻ፣ በትንሽ ውሃ በጥብጠህ። ጫጩቶቹንም ከትልልቆቹ ለይ፣ እናታቸው ራሷ ትበላቸዋለች። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀይርላቸው።

የሕያው ምግብ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ እንቅስቃሴው ጫጩቱን ያነቃዋል፣ እሱ ሁሉ እውነት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው፣ እስኪበላ ድረስ በሕይወት መቆየቱ ነው። ጠዋት የሰጠኸው ሕያው ምግብ ከሰዓትም እየዋኘ ይጠብቃል፣ አይበሰብስም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ለሚፈልግ ጫጩት፣ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ውሎ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እንግዲህ ለድሬ የምመርጥልህ ሞይና ነው። ሞይና ከሽሪምፕና ከሸርጣን ወገን የሆነች ትንሽ የውሃ ፍጥረት ናት፣ ስታድግ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስትወለድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች። ሰው ስለ ሕያው ምግብ ሲያወራ ቀድሞ የሚጠራው ዘመዷን ዳፍኒያን ነው። ዳፍኒያ ጥሩ ናት፣ ግን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የምትወደው፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆንላት ይመረጣል። ሐረር ላይ፣ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ጀጎል ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ባለው ቤት ጥላ ብታስቀምጣት ትኖርልሃለች። የሐረር ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ ዳፍኒያን ሞክሩ። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ሲነካ ዳፍኒያ ትረግፋለች። ሞይናን የሚስማማት ከ24 እስከ 31 ዲግሪ ነው። አቦ፣ ይሄ እኮ የእኛ የአየር ሁኔታ ነው!

ውሃችንም ይመቻታል። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተኸዋል። ለሻይ ባይመችም ሞይና ቅርፊቷን የምትሠራው በካልሲየም ስለሆነ ለእሷ ጥሩ ነው። ጉፒም ይህን ውሃ ይወዳል። ችግሩ ክሎሪኑ ነው። የቧንቧ ውሃ ቀድተህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ፣ በጨርቅ ሸፍነህ አቆየው። ከዚያ የሚሻለው ግን የአኳሪየምህን ውሃ ስትቀይር የምታወጣውን አሮጌ ውሃ መጠቀም ነው። ክሎሪኑ ወጥቶለታል፣ ለሞይና ምግብ የሚሆኑ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን አልጌዎችም አሉበት። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ጠብታ አይባክንም።

20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች አዘጋጅ። አንድ አይበቃም። ሞይና አንዳንዴ ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ልትሞት ትችላለች፣ ልምድ ያለው ሰው ጋም ይደርሳል። ያን ጊዜ ከሁለተኛው ባልዲ ዘር ትወስዳለህ። ባልዲዎቹን ደማቅ ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ የቀትር ፀሐይ የማያርፍበት ቦታ አድርጋቸው። በረንዳ ላይ በምሥራቅ በኩል ጥሩ ነው። የአየር ፓምፕ የግድ አይደለም፣ ሞይና ኦክስጅን ያነሰበትን ውሃ ትችላለች፣ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ አትጨነቅ። ፓምፕ ካለህም አየሩን በቀስታና በትልልቅ አረፋ ልቀቀው፤ ደቃቅ አረፋ ቅርፊቷ ስር ይገባና ወደ ላይ አንሳፍፎ ያስቀራታል።

ክዳኑ ላይ አደራህን። የባልዲውን አፍ በነጠላ ቁራጭ ወይም በስስ ሻሽ ሸፍነህ ዙሪያውን በላስቲክ አጥብቀህ እሰር። ቀዳዳ ካለ፣ ላስቲኩ ከላላ፣ ጨርቁ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከነካ፣ ቢንቢ መንገድ ታገኛለች። በየሁለት ቀኑ ከፍተህ ስትመግብ ከላይ ተንጠልጥለው የሚወዛወዙ እጮች እንዳሉ እይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ አሮጌ አጎበር ቆርጠህ እንዳትሸፍንበት። የሚታደለው አጎበር ክሩ ላይ ፓይሬትሮይድ የሚባል የነፍሳት መድኃኒት አለው። ያ መድኃኒት ለሰው በዚያ መጠን አይጎዳም፣ ለሞይናና ለዓሣ ግን ከባድ መርዝ ነው፤ ከአጎበሩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ሊጨርሳቸው ይችላል። አጎበሩ አልጋህ ላይ ይቆይ።

በዚያው ስለ ፍሊትም ልበል። ቤት ውስጥ ፍሊት ከተነፋ ያው ዓይነት መድኃኒት ነውና ባልዲዎቹንና አኳሪየሙን ቀድመህ በፕላስቲክ ሸፍን፣ የአየር ፓምፑንም አጥፋ፣ ምክንያቱም ከክፍሉ የሚስበውን አየር ነው ውሃው ውስጥ የሚነፋው። ሽታው ወጥቶ ሲያልቅ ትከፍታለህ። የጤና ሠራተኞች ለርጭት ወይም ውሃ ውስጥ የእጭ ማጥፊያ ለመጨመር ቢመጡም አትከልክላቸው። የትኛው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ አሳያቸው፣ መሸፈኑንም ይዩት፣ ከዚያ የሚረጨው ሲረጭ ያንተን ወደ ሌላ ክፍል አዛውር።

አሁን ወደ ምግቧ። ቀላሉ ደረቅ እርሾ ነው፣ ዳቦ ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ ሱቅ በፓኬት የሚሸጠው። የእንጀራ እርሾ አይሆንም፣ አሲዱና ሊጡ ውሃውን ያበላሸዋል። ለ20 ሊትር ግማሽ ግራም ገደማ ይበቃል፣ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠህ አፍስስና እይ። ውሃው ሩዝ የታጠበበት ውሃ ሲቀጥን የሚመስለውን ያህል በትንሹ መደፍረስ አለበት፣ ከዚያ አይብለጥ። ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ነው። ውሃው ጠርቶ የባልዲው ታች እስኪታይህ ድረስ ሁለተኛ አትመግብ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዳል። ሞይና የሚያልቅባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በረሃብ አይደለም የሚያልቅባቸው። ስለሚያሳዝኗቸው በየቀኑ ይጨምሩላቸዋል፣ እርሾው ይበሰብሳል፣ ውሃው ይሸታል፣ በማግስቱ ባልዲው ባዶ ነው።

ከእርሾ የሚሻለው አረንጓዴ ውሃ ነው። በእርሾ ብቻ ያደገች ሞይና ትጠግባለች እንጂ ለጫጩት የሚያስፈልገው የስብ ዓይነት ያንሳታል። አልጌ የበላችው ግን የተሟላች ናት። አሠራሩ ድሬ ላይ በጣም ቀላል ነው፤ የአኳሪየም አሮጌ ውሃ ንፁህ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተህ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለህ፣ በቃ። የዓሣው ኩስ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ፀሐዩን ደግሞ እግዜር ሰጥቶናል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። ክዳኑን ዘግተህ ላላ አድርገው፣ ጠርሙሱን በቀን አንዴ ነቅነቅ አድርገው። ሲወፍር ግማሹን ለሞይና ትሰጥና በአሮጌ ውሃ ትሞላዋለህ። እኔ የምመክርህ እርሾውን ለማባዛት፣ አረንጓዴውን ደግሞ ለዓሣ ከመስጠትህ በፊት ባለው ቀን ለማጥገብ እንድትጠቀም ነው።

ከተስማማት በፍጥነት ትበዛለች። አንዲት ሞይና ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ለመውለድ ትደርሳለች፣ ከዚያ በየአንድ ቀን ተኩል ወይም በየሁለት ቀኑ ትወልዳለች። ምግብና ቦታ ካለ ወንድ አያስፈልግም፣ ሴቶቹ ብቻቸውን ሴት ይወልዳሉ። ስለዚህ ባልዲው ከሞላ በኋላ በየቀኑ ከሩብ ያልበለጠ መጭለፍ ትችላለህ። በጠዋት ወደ ብርሃኑ ተሰብስበው ታገኛቸዋለህ፤ በኩባያ ጭለፍ፣ በጨርቅ አጥልል፣ በንፁህ ውሃ አለቅልቅ፣ ለጫጩቶቹ ስጥ። የተጠለለውን ውሃ ወደ ባልዲው መልስ። ሳምንት ሳምንት ደግሞ ከባልዲው ውሃ ሩቡን ለውጥ።

ቀለማቸውን መከታተል ልመድ። ቀላ ካሉ ኦክስጅን አንሷቸዋል፤ ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው የሚቀሉት። ዓሣ ቢበላቸው ምንም አይሆንም፣ ግን ውሃውን ቀይር ወይም ብዛታቸውን ቀንስ ማለት ነው። ሌላው ምልክት ጀርባቸው ላይ ጠቆር ያለ ኮርቻ መሳይ ነገር ሲታይ ነው። ያ ድርቅ የሚችል እንቁላል ነው፣ መጨናነቅ ወይም ረሃብ ሲሰማቸው የሚሠሩት። ታች የዘቀጠውን ከእንቁላሉ ጋር ሰብስበህ ጥላ ላይ አድርቀህ በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ ባልዲዎቹ ሁለቱም ቢያልቁብህ ውሃ ጨምረህበት እንደገና ልትነሳ ትችላለህ።

በግንቦትና በሰኔ የውሃው ሙቀት ከ32 እያለፈ ከሄደ ባልዲውን በጆንያ ጠቅልለህ ጆንያውን ጠዋትና ቀትር ላይ ውሃ አርከፍክፍበት። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ጥቂት ዲግሪ ይቀንስልሃል። ባልዲውን ውሃ የሞላው ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍም ይሠራል፣ ግን ሳፋው ራሱ የቢንቢ ቤት ስለሚሆን አልወደውም።

የቤታው ነገር ለየት ይላል። የቤታ እንቁላል ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ ሁለት ሦስት ቀን ሆዱ ላይ በያዘው አስኳል ይኖራል፣ ከዚያ መዋኘት ሲጀምር አፉ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሞይና እንኳ ትተልቅበታለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ኢንፉሶሪያ ያስፈልገዋል፤ ፓራሚሲየምንና መሰሎቹን፣ እጅግ ደቃቅ የውሃ ፍጥረታትን ማለቴ ነው። አንድ ጠርሙስ የአኳሪየም ውሃ ላይ እፍኝ የማይሞላ የጤፍ ጭድ ወይም አንድ የተቀቀለ የሰላጣ ቅጠል ጨምር። ሰላጣው መድኃኒት የተረጨ እንዳይሆን በደንብ እጠበው። ሁለት ሦስት ቀን ይደፈርሳል፣ ይሸታል፤ ያ ባክቴሪያ ነው፣ ገና አይሰጥም። ጠራ ብሎ ከብርሃን አንጻር ስታየው አቧራ የሚመስሉ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ደርሷል። ዓሣዎቹን እንዲራቡ ከማገናኘትህ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምረው። ከተፈለፈሉ በኋላ ብትጀምር አይደርስም።

ለእነዚሁ ጫጩቶች ሁለተኛ ምርጫ የአቼቶ ትል አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ፀጉር የመሰለች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የምትረዝም፣ አቼቶ ውስጥ የምትኖር ትል ናት። ግማሽ የፖም አቼቶ፣ ግማሽ ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ፣ ውስጡ አንድ ቁራጭ ፖም። ዘሩን ጨምረህ አፉን በጨርቅ አስረህ ቁምሳጥን ውስጥ ትረሳዋለህ። ነጩ ርካሽ አቼቶ ብዙውን ጊዜ አሲድና ውሃ ብቻ ስለሆነ የምትበላው የለም፣ የፖሙን ፈልግ። ወር ያህል ስትጠብቅ ውሃው በትል ይርገበገባል፣ ከዚያ ወራት ያለ ምንም እንክብካቤ ይቆያል። መብራት አይፈልግም፣ ሙቀቱን ይችላል፣ ቢንቢም አቼቶ ውስጥ አትራባም። ለመሰብሰብ አንገቱ ረዘም ያለ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሥር በአቼቶው ሙላ፣ አንገቱ ላይ ጥጥ ወትፍ፣ ከጥጡ በላይ ንፁህ ውሃ አፍስስ። አድሮ ትሎቹ አየር ፍለጋ ወደ ንፁሁ ውሃ ይወጣሉ፣ በሲሪንጅ ስበህ ትሰጣለህ። ታች ወርደው አይቀሩም፣ ውሃው መካከል እየዋኙ ቀናት ይቆያሉ፤ የቤታ ጫጩት የሚያድነውም እዚያ ነው።

ማይክሮዎርም የሚባለውን ደቃቅ ትል ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብቻ ሞክር። የአጃ ገንፎ አቀዝቅዘህ ላዩ ላይ ትንሽ ደረቅ እርሾ ነስንሰህ ዘሩን ትቀባለህ፣ ትሎቹ የዕቃውን ግድግዳ ሲወጡ በጣትህ ትጠርጋለህ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚወደው። በድሬ ሰኔ ገንፎው ይኮመጥጥና ቤቱን ያሸተዋል።

አርቴሚያ የምትባለው የጨው ውሃ ትንሽ ፍጥረት ከሁሉም ጥሩ የጫጩት ምግብ ናት፣ ችግሩ እንቁላሏ ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው። ካገኘህ ግን ሙቀታችን ጠቃሚ ነው፣ ማሞቂያ አያስፈልግህም። በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፤ የአፍዴራ የገበታ ጨው ይሆናል፣ አዮዲኑ ችግር የለውም። በ27 እና 28 ዲግሪ በአንድ ቀን ውስጥ ትፈለፈላለች። መብራት ከጠፋ ፓምፕ ሳትጠቀም ጥልቀት በሌለው ሰፊ ሳህን፣ ጣት የማይሞላ ውሃ ላይ በትነህ ማስፈልፈል ትችላለህ። ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ሕያዋኑ ወደ ብርሃን ይሄዳሉ፤ በአንድ ጥግ የስልክ መብራት አብርተህ ከዚያ በሲሪንጅ ሰብስብ፣ በንፁህ ውሃ አለቅልቅ። ቅርፊቱን ጫጩት እንዳይበላው ተጠንቀቅ፣ አይፈጭለትም። በተፈለፈለች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስጥ፣ ሆዷ ውስጥ የያዘችው አስኳል ሲያልቅ ጥቅሟ ይቀንሳል። የተረፈውን እንቁላል አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አድርግ።

የቦዩን ቀይ ትል ተወው። ቱቢፌክስ ይሁን ሌላ፣ ቀይ ትል በብዛት የሚገኘው ፍሳሽ ባለበት ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም የሰፈር ቦይ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ጋራዥ ዘይት ድረስ ይዟል፣ ትሉ ያንን ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅማል። ዓሣውን ያሳምማል፣ አንተም በባዶ እጅህ ልትነካው የሚገባ ነገር አይደለም። ለትልልቆቹ ቤታዎች ትል ማብላት ከፈለግህ መድኃኒት ያልተረጨበት የአትክልት ቦታ የምድር ትል አውጣ፣ አንድ ቀን እርጥብ ጨርቅ ላይ አቆይተህ ሆዱን ያራግፍ፣ አጥበህ ከትፈህ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ስጥ።

የሞይና ዘር ከየት ታመጣለህ? የመጀመሪያው ምርጫ ዓሣ የሚያራቡ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ አርቢዎች ጋ ዘር ይገኛል፣ በግማሽ ጠርሙስ ውሃ ሌላውን ግማሽ አየር አድርገው በባቡርም በመኪናም ከሚመጣ ሰው ጋር ይልኩልሃል፣ የአቼቶ ትሉም እንደዚያው። ሁለተኛው መንገድ ከዝናብ በኋላ ዓሣ የሌለበት ኩሬ ላይ መፈለግ ነው፣ ሞይና ጊዜያዊ ኩሬ ትወዳለች። በባዶ እግርህ እንዳትገባ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ከዳር በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ማጥለያ ቅዳ። ቤት ስትደርስ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠህ ሞይናዎቹን ብቻ በሲሪንጅ አንድ በአንድ ልቀም፣ የቀረውን ሁሉ ጣል፤ የውኃ ተርብ እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ የቢንቢ እጭ ከተቀላቀለ ሥራህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከኩሬ የመጣውን ለዓሣ ሳትሰጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው አራባው፣ ዓሣ ላይ የሚኖሩ ብዙ ተባዮች ዓሣ ካላገኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ።

ዘሩ ሲደርስህ በቀጥታ አትገልብጠው። ጠርሙሱን ግማሽ ሰዓት ያህል ባልዲው ውሃ ላይ አንሳፍፈው፣ ሙቀታቸው ይመሳሰል፣ ከዚያ ከባልዲው ውሃ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክለት ቀስ ብለህ ለሁለቱ ባልዲዎች አካፍል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትጭለፍ፣ ይባዙ። ጨርቁን እሰርበት።